በሽታውን የደበቀው ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ይዘው ለተወለዱ ወጣቶች ሲነገር ወቀሳው ያለቦታው ያርፋል። በሽታውን የደበቁት እነርሱ አይደሉም፤ ከእነርሱ የተደበቀ ነው።

መድኃኒት ካላገኙት እንደዚህ ያሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙዎች አድገው ለአቅመ አዳምና ሔዋን በቅተዋል። ከእኛው ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ፣ በአንድ መኝታ ቤት የሚያድሩ እንደሚኖሩ ማን ይጠራጠራል?

ሕፃኑ በየቀኑ መድኃኒት ይወስዳል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ «ለአስም ነው» ይባላል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ልጄ ይደነግጥብኛል፣ ለጎረቤት ያወራብኛል፣ ይልቁንም «ከየት መጣብኝ?» ብሎ ይጠይቀኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ዳሩ ግን ልጅ ሞኝ አይደለም። ፊደል ሲቆጥር በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ በሐኪም ቤት የትኛው በር ፊት ተራ እንደሚጠብቅ ያስተውላል። እውነቱን ብቻውን ሲደርስበት፣ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ያሳደጉት ሰዎች እንደ ዋሹትም አብሮ ያውቃል። ያን ጊዜ ቁጣ፣ ኀፍረትና ብቸኝነት ይወርሱታል። አንዳንዱም በዚህ የተነሣ ክኒኑን ይተዋል። ክኒኑ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። እንግዲህ የመንፈስ ጉዳት የሥጋ ጉዳት የማይሆንበት ምክንያት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስለ በሽታው እንዲነገረው፣ ከዚያ የሚያንሰውም እንደ ዕድሜው ጥቂት በጥቂት እንዲዘጋጅ መክሯል። ለልጁ መንገር የአሳዳጊና የሐኪም ግዴታ ነው። ለሌላ ሰው መንገር ግን የልጁ የራሱ መብት ነው። እኛ ይህን ገልብጠን ይዘነዋል፤ ከባለቤቱ ስንደብቅ ኖረን፣ ሲያድግ «ለምን አልነገርከንም?» እንላለን።

ታዲያ የተማሪው ድርሻ ምንድን ነው? ዚምባብዌ ውስጥ «ዝቫንዲሪ» በተባለው ሥራ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወጣቶች ሠልጥነው መሰሎቻቸውን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ይረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት ወጣቶች መካከል ቫይረሱ ያልተገታላቸው ወይም የሞቱት ከመቶ 36 ሲሆኑ፣ እንዲህ ያለ ረዳት ካገኙት ግን 25 ነበሩ። የእኩያ ቃል ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል።

እኛም ዘንድ ሥራው ከመኝታ ቤታችን ይጀምራል። ባልንጀራችን የሚውጠው ክኒን ምን እንደ ሆነ አንመርምር፤ በበሽታው አንቀልድ፤ ምሥጢሩን ከነገረን ከእኛ አይለፍ። መድኃኒቱን በሚገባ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሆኖ የቆየለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍም እንወቅ፤ ለማያውቀው እንንገር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ቢፈራ ማን ይፍረድለት?

ወጣቱ ይናገር ከማለታችን በፊት የሚሰማው ጆሮ እናዘጋጅለት። ይህን የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣና ይመልስልኝ።