በውጭ ዜጋ ስም በዓላችንን አትከልክሉን

በዚህ ሳምንት ካዛንቺስ የምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በገና ዋዜማና ዕለት በግ ማረድ፣ በረንዳ ላይ ከሰል ማያያዝ፣ ኮሪደር ላይ ቄጤማ መጎዝጎዝ ክልክል ነው ይላል። ምክንያቱም ሰፍሯል፦ «የውጭ ሀገር ዜጎች ደንበኞቻችን እንዳይረበሹ»። ካነበብኩት ጀምሮ ንዴቴ አልበረደም።

እርዱን ልተወው። ስምንተኛ ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፤ ይህን ለማለት ደግሞ የማንም ስም አያስፈልግም። ከሰሉም ለእሳት ያሰጋል ቢሉን እንሰማለን። ቄጤማው ግን ማንን ረበሸ?

«ፈረንጅ አይወድም» ከሚሉ ሰዎች ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዘወትር አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። በዚሁ ሰበብ ነው አንዳንዱ ሆቴል ኅዳር ላይ ያቆመውን የገና ዛፍ፣ የፈረንጆቹ ገና አልፏል ብሎ፣ እኛ ጾም ሳንፈታ የሚያነሳው። እንግዳው ምን እንደሚወድ ግን የሚጠይቀው የለም።

የኛ ሰፈር ደግሞ ለእንግዳ አዲስ አይደለም። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚህ ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ፣ አፍሪካ አዳራሽም በ1961 ከተመረቀ ወዲህ፣ ካዛንቺስ ለውጭ ሰው ቤት ሲያከራይና ሲያጎርስ ኖሯል። አብዛኞቹ የሕንፃችን የውጭ ዜጎችም አፍሪካውያን ናቸው። ከሰልም፣ ጭስም፣ በግም በየሀገራቸው ያውቃሉ።

ከኛ ፊት ለፊት አንዲት ዛምቢያዊት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የሥራ ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ አጋማሽ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየሀገራቸው ሲሄዱ እሷ የሦስት ሰው ቲኬት ስለከበዳት ቀረች። የእሷ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ያን ቀን ከተማው ሥራ ላይ ነው፤ ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾምም ገና አልተፈታም። አምና ኬክ ጋግራ አምጥታልን እንቁላልና ቅቤ ስላለው ሳንቀምሰው ቀረን። ዘንድሮ ምን ምን እንደማንበላ አስቀድማ ከጥበቃው ጠይቃ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል፣ በዘይትና በተፈጨ ሙዝ ጋገረችው። ላዩ ትንሽ ተሰነጣጥቋል፤ በነጭ ሳህን አድርጋ ናፕኪን ሸፍናበት መጣች። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃ ሁለት ቁራጭ በላችና መረቀቻት።

ይህችው ጎረቤቴ ማስታወቂያውን አንብባ ሊፍት ውስጥ አገኘችኝ። «የከለከልናችሁ እኛ ነን እንዴ?» አለችኝ። በጣም አፍራለች። በራሷ በዓል ቀን ኮሪደሩ ጭር ማለቱ ልጆቿን ስለከፋቸው፣ «የጎረቤቶቻችን ገና ሲደርስ ታያላችሁ» ብላ እያጽናናቻቸው ነበር። የማታውቀውን ቅሬታ በስሟ ጽፈው ከጎረቤቶቿ ጋር ሊያቀያይሟት ምንም አልቀራቸውም።

በደርግ ጊዜ እናቴ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጋናዊ ነበር፤ እኛ ልጆቹ «ጋሼ» እንለው ነበር። ለገና ቅርጫ ሲገባ ድርሻውን ከሁሉም ቀድሞ ያዋጣል። በሬው ታርዶ ሥጋው ኮባ ላይ ይደለደላል፤ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለየመደቡ እኩል ይደርሳል። ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቁልፍ፣ እሱ የእስክሪብቶውን ክዳን ይሰጣል፤ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ለጋናዊው ጥሩ መደብ ደረሰው ብሎ የሚያጉረመርም አልነበረም፤ የከፋው ሲደርሰውም ማንም አይለውጥለትም። ሥጋውን እናቴ ትዘለዝልለታለች። የሰፈር ሰው የሆነው እንዲህ ነው፤ በዓሉን ማንም አልደበቀበትም።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ገላን ጉራ ገቡ፤ እናቴም ወደ እኔ መጣች። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያምራል፤ ይህን አልክድም። ቅርጫው፣ ዕድሩ፣ በር ሳያንኳኩ «ቡና ደርሷል» ማለቱ ግን ከሰዎቹ ጋር ሄዷል። እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ስልክ ይዛ አንድ በአንድ ስትደውልላቸው ታረፍዳለች። እዚህ የቀረነው የማንተዋወቅ ሰዎች ነን፤ ከማያውቀን የውጭ ሰው ጋር በአንድ ኮሪደር ላይ። የሕንፃ አስተዳዳሪ ሊያግዘን የሚገባው በዚህ ነበር። እሱ ግን ቄጤማ ከለከለን።

ስለዚህ የምለው ይህንን ነው። አስተዳዳሪዎች፣ ማስታወቂያውን አንሱት። እሳት ከፈራችሁ ግቢው ውስጥ የከሰል ቦታ ለዩልን፤ የውጭ ዜጎችን ስም ግን አትጥሩ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ታኅሣሥ 29 ጎረቤታችሁ የውጭ ሀገር ሰው ካለ በሩን አንኳኩና ጥሩት። ቋንቋ ባይገጥም ችግር የለም፤ ዶሮው ያግባባችኋል። ለገና ያልተመቸው ጥር 10 ከተራ አለለት፣ ጥር 15 ደግሞ የቂርቆስ ንግሥ ነው። ዛምቢያዊቷ ከነልጆቿ ለገና ምሳ እኛ ቤት ናት፤ እናቴ ቄጤማውን አዛለች።