ባለቤቱ ብቻ የማይሰማው ጩኸት



ይህች አነስተኛ ጽሑፌ በአንባቢያን አምድ ላይ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የብዙ የመንግሥት ሠራተኛን ጉርብትና ሲያሻክር የሚታይ ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፉ አልታየኝም። ይኸውም ባለቤቶቹ ሥራ ሲሄዱ ብቻውን ቤት የሚቀር ውሻ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ጎረቤት የሚያውክበት ጉዳይ ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆንዋ መጠን፥ ከሌላ ሥፍራ ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ በኪራይ ቤት ይኖርባታል። ግቢው የጋራ፥ ግድግዳው የጋራ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ከሆኑ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ተኩል፥ ከምሳ ሰዓት በቀር፥ ቤቱ ባዶውን ይውላል። በዚህ ጊዜ ቤት ጠባቂው ውሻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን አዳርሶ የብዙ ሰው ንብረት ከጠፋ ወዲህ፥ ለደጁ ጠባቂ ልያዝ የሚል ሰው ቢበዛ የሚፈረድበት አይደለም። ስለዚህ ውሻ መያዙን የሚነቅፍ የለም፤ ክርክሩ በአያያዙ ላይ ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነጥብ አለ። የውሻውን ጩኸት የማይሰማው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጧት ሲወጣ ዝም ያለ ውሻ ትቶ ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ ጅራቱን እየቆላ የሚቀበለው ውሻ ያገኛል። በመካከል ያለውን ሰዓት የሚያውቁት ከሌሊት ተረኝነት ተመልሳ ልትተኛ የሞከረችው ነርስ፥ ሕፃን ታቅፋ የምትውል አራስ፥ አልጋ ላይ ያሉ አዛውንት፥ ለፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ችለው ችለው አንድ ቀን በር ሲያንኳኩ «የእኔ ውሻ? እንዴት ተደርጎ! እሱ እኮ ጨዋ ነው» የሚል መልስ ቢሰጣቸው፥ ሐሰተኛ እንደ ተባሉ ይቈጥሩታል። «ታዲያ ውሻ ካልጮኸ ምን ሊሠራ ነው?» ቢባሉማ የባሰ ነው፤ የተዋረዱ ያህል ይሰማቸዋል። ከዚያ በኋላ ጠቡ የውሻና የሰው መሆኑ ቀርቶ የሰውና የሰው ይሆናል።

ስለዚህ በእኔ ግምት አቤቱታ ይዞ የመጣ ጎረቤት እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ምስክር መታየት አለበት። ባለቤቱ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ይዞለት መጥቷልና። አስገብቶ አስቀምጦ «አመሰግናለሁ፤ እስቲ ንገሩኝ፤ በስንት ሰዓት ይጀምራል? ምን ያህል ይቆያል? ሰው ሲያልፍ ነው ወይስ እንዲያው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በዛሬው ጊዜ ስልክ በየሰው እጅ ስላለ፥ ሁለት ሦስት ቀን ድምፁን እንዲቀርጹለት ቢለምን የበለጠ ይረዳል። ከዚያም «ይህን ይህን አደርጋለሁ፤ በሳምንቱ መጥቼ እጠይቃችኋለሁ» ብሎ ቀን መቁረጥና በቀኑም ሄዶ መጠየቅ ነው። ጎረቤት ብዙ ጊዜ የሚቈጣው በጩኸቱ ብቻ ሳይሆን የሚሰማው ሰው በማጣቱ ነው።

ሰዓቱን ማወቅ የሚጠቅመው የጩኸቱን ምክንያት ስለሚያሳይ ነው። ባለቤቱ ከወጣ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚጀምርና የሚያላዝን ከሆነ፥ ውሻው ብቸኝነት የከበደው ነው። በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ፥ በገበያም ቀን የሚብስ ከሆነ፥ በበሩ ስንጥቅ የሚያልፈውን እያየ ነው። በቀትር የሚበረታ ከሆነ፥ ጥላ የሌለበት ሥፍራ ታስሮ ወይም ውሃው አልቆበት ሊሆን ይችላል። ሌላ ውሻ ሲጮኽ ብቻ ከሆነ ለጓደኛው መመለሱ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ መድኃኒት አለው።

በአጥሩና በበሩ ቀዳዳ የሚያይ ውሻ በቈርቈሮ ወይም በሣንቃ ቀዳዳው ቢደፈንበት ብዙ ይቀንስለታል። ከጎረቤት መኝታ ቤት ግድግዳ ሥር የታሰረው ወደ ሌላው የግቢ ማዕዘን ይዛወር፤ ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው። ጧት ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በገመድ ይዘውት የዞሩት፥ ከዚያም የሚቈረጥመው አጥንት፥ ንጹሕ ውሃና ጥላ የተዘጋጀለት ውሻ የቀኑን ብዙ ክፍል ተኝቶ ያሳልፋል። ብቸኝነት የሚከብደውን ደግሞ ቀስ በቀስ ማልመድ ያስፈልጋል፤ በዕረፍት ቀን 5 ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፥ ከዚያም 10፥ ከዚያም 30 እያደረጉ ማርዘም ነው። ሲወጡም ሲመለሱም ብዙ ማሻሸትና ማቈላመጥ አይገባም፤ መውጣቱ እንደ ታላቅ ነገር እንዳይታየው ያስፈልጋልና። ይህ ካልሆነ እኩለ ቀን ላይ የሚያየው አንድ የታመነ ሰው መፈለግ ነው።

ማታ ተመልሶ ስለ ቀኑ ጩኸት ውሻውን መግረፍ ግን ፍጹም ጥቅም የለውም። ውሻ ከሰዓታት በፊት ላደረገው እንደ ተቀጣ አይገባውም፤ የሚያውቀው ጌታው ሲመጣ መመታቱን ብቻ ነው። አፉን አስሮ መዋልም ጭካኔ ነው። ውሻ ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በማለክለክ ስለ ሆነ በመርሳ የቀትር ሙቀት ሊሞት ይችላል።

ወደ አቤት ባዩ ጎረቤትም እንምጣ። አስቀድሞ ለባለቤቱ ሳይነግሩ ወደ ቀበሌ መሮጥ፥ ወይም በቡና ላይ ለሌላው ሁሉ እየነገሩ ለባለቤቱ ብቻ መደበቅ፥ ደንበኛ ጉርብትና አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን በሥጋ መርዝ አድርጎ መወርወር ነው። መርዙ የታሰበለትን ውሻ ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሣና ጅብ ይሞታል፥ በግቢው የሚጫወት ሕፃንም ሊያነሣው ይችላል። ውሻው ቢሞት እንኳ መርዘኛ የተባለ ሰውና ውሻው የሞተበት ሰው በአንድ ቧንቧ ውሃ መቅዳታቸው አይቀርም። ያ ከጩኸቱ ይልቅ ረዥም ዘመን የሚሰማ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ፥ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፥ ሽታና ድምፅም እንዳያደርስበት ይከለክላል። በቍጥር 2071 ደግሞ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። በአገራችን የወጣው የድምፅ ደረጃም ለመኖሪያ ሠፈር በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሕጉ «ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ» ሲል ሁለቱንም ወገን እንደሚመክር ልብ ይሏል፤ ሌባ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ የጮኸ ውሻ ልክ አላለፈም፤ ከጧት እስከ ማታ የጮኸ ግን አልፏል።

ቢሆንም በዚህ ነገር ፍርድ ቤት መድረስ ለማንም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ወሎ በደም የተፈላለጉትን ሳይቀር በአበጋር ሽምግልና ሲያስታርቅ የኖረ አገር ነው። ደም ያደረቀ ሽምግልና የውሻ ጩኸት ያቅተዋል ማለት ያሳፍራል። ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች በአንድ ጀበና ቡና ላይ ሊጨርሱት የሚችሉት ነገር ነው። በአካባቢያችን ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ ስለሚኖር፥ ለሶላት የተሰናዳ ጎረቤት የውሻ ምራቅ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ መሆኑን አስቦ ውሻውን ከመተላለፊያው ማራቅም የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የውሻው ድምፅ በድንገት ጐርናና ሆኖ ከተለወጠ፥ ምራቁን ካዝረበረበና ጠባዩ ከተለየ፥ ነገሩ የጉርብትና ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩት ለእንስሳት ሕክምና ማስታወቅ ይገባል። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ውሻ የያዘ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ማስከተቡ ለራሱም ለጎረቤቱም ነው።

በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ኀላፊዎች ውሾችን በመመዝገብና ክትባቱን በሠፈር በሠፈር በማዳረስ፥ ቤት አከራዮችም ሲያከራዩ ስለ ውሻ አስቀድመው በመነጋገር ቢረዱን መልካም ነው። የሚበልጠው ድርሻ ግን የባለቤቱ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂላችን ከአገሩ ርቆ ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ከማንም ይልቅ እውነት ነው። ሌሊት ሲታመም ደርሶ ሐኪም ቤት የሚወስደው ያ በውሻው ጩኸት እንቅልፍ ያጣው ጎረቤቱ ነውና፥ በሩን ሲያንኳኳ ፈጥኖ ይክፈትለት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከመርሳ