ቢስክሌት በልክ

ተጣጥፋ የምትያዝና በባትሪ ኀይል እየታገዘች የምትሄድ ቢስክሌት ለተማሪውም ለወጣቱ ሠራተኛም መልካም አገልጋይ መሆኗ የሚያጠራጥር አይደለም። ነገር ግን ቁመታቸው አጠር፤ ሰውነታቸው ቀለል ያለ ወጣቶች ሊገዙ ሲሄዱ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ፍጥነቷና ስለምትሄደው ርቀት ብቻ ሆኖ እናያለን። ይህ አመራረጥ ስሕተት ነው።

በመንገዱ ሞተሩ ይረዳናል፤ ደረጃውን የሚያወጣት ግን ክንዳችን ነው። ከእነዚህ ቢስክሌቶች ብዙዎቹ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ይህም 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የገዛ ክብደቱ ሁለት አምስተኛ ነው። የእንግሊዙ ብሮምፕተን ኤሌክትሪክ 3 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ባትሪው ተነጥሎ በቦርሳ ስለሚያዝ ሸክሙ ለሁለት እጅ ይከፈላል።

ባትሪው በተለቀ ቁጥር ክብደቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 80 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ባትሪ መሸከም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ለማስመጣት ያሰበም፤ ከ160 ዋት-ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞ እንዳይሳፈር የተከለከለ መሆኑን ይወቅ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ አጥፋችሁ ዘርጓት፤ አንሥታችሁም አንድ ፎቅ ውጡ። ኮርቻውን ዝቅ አድርጋችሁ እግራችሁ መሬት መንካቱን፤ ጣታችሁም ፍሬኑን አጥብቆ መያዙን እዩ። ለክንድ የከበደች ቢስክሌት ደጅ ታድራለች፤ ደጅ ያደረችም ነገ የማን እንደምትሆን አይታወቅም።