«ህዝቡ አይገባውም» ለምትሉ ዌብሳይት ሰሪዎች

ይቺን ዓረፍተ ነገር ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ዌብሳይት ከሚሰሩ ልጆች አፍ መስማት ሰልችቶኛል። «ቲቸር፣ ሲስተሙ ምርጥ ነው፤ ችግሩ ህዝቡ ነው፣ አይገባውም።» ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ስለነበራችሁ በግልጽ ልናገር። ያስቀየምኩት ካለ አንፍሬንድ ያድርገኝ።

እስቲ የሰራችሁትን የምዝገባ ፎርም አብረን እንየው። «ፈርስት ኔም»፣ «ላስት ኔም» ይላል። እዚህ አገር ላስት ኔም ያለው ማነው? ስም አለን፣ የአባት ስም አለን፣ የአያት ስም አለን። ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች እናት የአባቱን ልጻፍ የአያቱን ብላ ግራ ቢገባት፣ ያልገባው እሷን ነው ወይስ የውጭ ቴምፕሌት ገልብጦ የለጠፈውን?

ቀጥሎ የትውልድ ቀን። ይሄኛው አደገኛ ነው። እናትየው የምታውቀው በኛ አቆጣጠር ነው፤ 2009 ብላ ትሞላለች። ፎርማችሁ የፈረንጅ 2009 መስሎት ዝም ብሎ ይቀበላል። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ልጁ በአንድ ክሊክ ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ይሄ የሚታወቀው ደግሞ ከዓመታት በኋላ አንድ መስኮት ላይ «መረጃው አይመሳሰልም» ሲባል ነው። ያኔም የምትወቀሰው እናትየው ናት።

አፋን ኦሮሞ ላይማ ይብሳል። በ1984 ዓ.ም. የላቲን ፊደል ከተመረጠ ወዲህ ስንት ትውልድ በቁቤ ተምሯል። ቁቤ ውስጥ ሁድሃ የምትባል ምልክት አለች፤ «ቡኣ» ብለን ስንጽፍ መሃል ላይ የምትቀመጠው። ኮምፒውተሩ እንደ አፖስትሮፍ ነው የሚያያት። እናንተ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ «አፖስትሮፍ ለጥቃት ያጋልጣል» የሚል ስላያችሁ ስም መሙያው ላይ ከለከላችኋት። ሰውየው የገዛ ስሙን ሲጽፍ «ኢንቫሊድ ኔም» ይለዋል! አባቱ ያወጣለትን ስም! ኢንጀክሽንን የምትከላከሉት ኩዌሪውን በፓራሜትር በመስራት ነው፤ ፊደል በመከልከል አይደለም። ይሄንን ክፍል ውስጥም ተናግሬያለሁ።

ፍለጋውስ? አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው «ጸሀይ» ነው። ውጤት ዜሮ። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሮ ማወዳደር የግማሽ ቀን ስራ እንኳ አይሞላም። የራሳችንን ከተማ እዩ፤ አዳማ፣ ናዝሬት፣ ናዝሪት። አንድ አባት «ናዝሬት» ብለው ቢፈልጉ ሲስተማችሁ እንዲህ የሚባል ከተማ የለም ይላቸዋል። ስልሳ ዓመት ኖረውበታል እኮ!

«እኛ ግን ቴክኖሎጂውን እናውቃለን» ትላላችሁ። የትኛውን? እኔ ዲፕሎማዬን ስማር ፍላሽ የዌብ ንጉስ ነበር። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን ላይ አይገባም ብሎ ደብዳቤ ጻፈበት፣ አዶቤ ራሱ በ2020 መጨረሻ ቀበረው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በ2022 ጡረታ ወጣ። እዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ ሰው የሚያውቀው ነገር ግማሹ በየጥቂት ዓመቱ ይሞትበታል። ያቺ እናት የልጇን ልደት የምትቆጥርበት አቆጣጠር ግን ያኔም ያው ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። መጀመሪያ መማር የነበረባችሁ እሱን ነው።

በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ጥሩ ነው፣ ተማሪዎቼ እንዲወስዱት እገፋፋለሁ። ሰርተፊኬቱ በመጣ ማግስት ፕሮፋይል ላይ «ፉል ስታክ ዴቨሎፐር» ብሎ መለጠፍም ግድ የለም፣ ወጣትነት ነው። የማልቀበለው በዚያው ሳምንት ህዝብን መናቅ መጀመሩን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፎንቱ ሁሉ የየራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነበር። ሰዎች ዓመታት ደክመውበት አስተካከሉልን። እናንተ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ማስታወቂያውን ስካን አድርጋችሁ በፎቶ ትለጥፋላችሁ! ፍለጋ አያገኘው፣ ለዓይነ ስውሩ የስልኩ ድምፅ አያነብለት።

«ደንበኛው ነው እንዲህ ስሩ የሚለን» የምትሉም አላችሁ። እውነት አለው። ስራ አስኪያጁ ትልልቅ ፎቶ የሚሽከረከርበት ስላይደር ይወዳል፣ የራሱ ፎቶ ካለበት ደግሞ ይብስበታል። ግን በቢሮው ዋይፋይ አታሳዩት። ዋይፋዩን አጥፉና በስልኩ ዳታ ይክፈተው። ዋናው ገጽ 5 ሜጋባይት ከሆነ የ100 ሜጋ ጥቅል የገዛ ሰው ሃያ ጊዜ ሲከፍተው አለቀ ማለት ነው። ነጋዴው ሁሉ ቴሌግራም ላይ የቀረው ዌብሳይት ስላልገባው አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው።

መቂ ሂዱና ለአንድ የሽንኩርት ነጋዴ የሰራችሁትን ክፈቱና ስልኩን ስጡት። ከዚያ ዝም በሉ። «እዚህ ጋ ንካ» ማለት ክልክል ነው። ጣቱ የቆመበትን ቦታ ብቻ ጻፉ። አምስት ሰው ጋ እንዲህ አድርጉ። ከኮዱ ሁሉ የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው፤ ስንቶቻችሁ ሁለት ደቂቃ እንደምትችሉ እናያለን።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሊንኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እኔ አልሞክረውም፤ ለጎረቤቴ ለቡና ነጋዴዋ ነው የምሰጣት። ስልኳ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው፣ የተወለደችው ደግሞ ጳጉሜ ላይ ነው።