«ቀኑ ደርሶ ነው» አይባልም!

በዚህች አዲስ አበባችን ከፎቅ ሳንቃ ወድቆ ሰው ሲገድል መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ድንኳን ይተከላል፣ ለቤተሰቡ ጥቂት ብር ይወረወርለታል። በሦስተኛው ቀን እዚያው ፎቅ ላይ ሌላ ሰው ባሬላ ይዞ ይወጣል። ጎበዝ፣ ሳንቃውን ጠርዝ ላይ ያስቀመጠ ሰው አለ እኮ! አይቶ ዝም ያለ ካቦ አለ። መረብ መወጠር ገንዘብ ማባከን የመሰለው ኮንትራክተርም አለ። የእነሱን ጥፋት ለምን በፈጣሪ እናላክካለን?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከ20 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሰባተኛ ፎቅ ገደማ፣ ያመለጠ ብሎኬት መሬት ለመድረስ 2 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ይቻል ይሆናል፤ ሰምቶ መሸሽ ግን ዘበት ነው። እንዲያውም ጩኸት የሰማ ሰው ቀና ብሎ ፊቱን ይሰጣል። ሄልሜትም ቢሆን ለትንንሽ ዕቃ ነው እንጂ አሥራ ምናምን ኪሎ የሚመዝን ብሎኬት አይመክትም። ዋናው ነገር ዕቃው ከመነሻው እንዳይወድቅ ማድረግ ነው።

ይህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። በመወጣጫው ጠርዝ አንድ ጣውላ በቁሙ ቢመታ መዶሻው ተንከባልሎ አይወርድም። ብሎኬትና ፌሮ ከጠርዝ ራቅ ብሎ ይደርደር። ፍርስራሽ ከላይ አይወርወር፤ በርሜል ከበርሜል ተቀጣጥሎ በሚሠራ ቦይ ይውረድ፣ ማረፊያውም ይታጠር። ባልዲ በገመድ ሲሳብ ከሥሩ ማንም አይቁም። ከአርማታ የተፈታ ሳንቃ ሚስማሩ ዕለቱን ይነቀል፤ አለዚያ የሚገባው ሸራ ጫማ ባደረገው ልጅ እግር ውስጥ ነው። በእግረኛው በኩል መረብና ጠንካራ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይሠራ። የቆርቆሮ አጥር ዓይን ይከልላል እንጂ ከላይ የሚመጣውን አይመልስም።

እኔ በማልፍበት መንገድ ያለ አንድ ሳይት የእግረኛውን መንገድ በአጥር ውጦ ወደ አስፋልቱ ገፍቶናል። ከላይ ፍርስራሹ በአካፋ ይለቀቃል። ዘበኛውን «ምን ይሻላል?» ስለው «ጋሼ፣ በወዲያ በኩል ይሻገሩ» አለኝ። ከላይ ድንጋይ፣ ከፊት መኪና፤ ምርጫው የእኛ!

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። «የቀን ሠራተኛ ነው፣ አልፈረመም» ማለት አያዋጣም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ለመንገደኛውም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2080 ከሕንፃ ወድቆ ጉዳት ለሚያደርስ ዕቃ ሕንፃውን የያዘውን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። አንተም ወንድሜ ስማ፦ የተሰጠህን ሄልሜት «ይሞቃል» ብለህ ሚስማር ላይ ከሰቀልከው፣ ግልጽ ትእዛዝ ጥሷል ተብሎ ካሳህን ልትነፈግ ትችላለህ።

ታዲያ የጎደለው ምንድነው? ተቆጣጣሪ! ባለሥልጣኖቻችን ሳይት ሲጎበኙ በቴሌቪዥን አያለሁ። ለአንድ ሰዓት ጉብኝት የሚያብረቀርቅ ሄልሜት ይደፋሉ። ከኋላቸው ባሬላ የተሸከመችው ልጅ ግን ራሷ ላይ ያለው ሻሽ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሌት ተቀን መሥራት እንደ ጀብዱ ሲነገር ሰምተናል። ይሁን፤ ግን በጨለማ ከላይ የሚወርደውን ማን ያየዋል?

ተቆጣጣሪ ቀጠሮ ሳይሰጥ ይምጣ። መረብ የሌለውን ሳይት ሰው ሳይሞትበት ያስቁም። እኛም ልቅሶ ቤት ተቀምጠን «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ሲመጣ «መረቡስ የት ነበር?» ብለን እንጠይቀው።

ቸር ይግጠመን!