ችግኙን ማን ያጠጣው?



የኮሌጅ ተማሪ ልጆቻችን በየክረምቱ አቃቂ ወንዝ ዳር ችግኝ ይተክላሉ፤ እናመሰግናለን። ዳሩ ግን ዝናቡ ሲያባራ ወደ ትምህርታቸው ይሄዳሉ፣ ችግኙም በጥር ፀሐይ ይደርቃል። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ አለበት፤ ከሱ ቀድቶ ማጠጣት የማይሆን ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያገለግል ነበር፤ ብዙው ገጠር ወርዶ አስተምሯል። እኛ ዓመት አልጠየቅንም። የተከለ ልጅ አምስት ችግኝ ይረከብና እስከ ሚያዝያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ይበል። ውሃውም ጀሪካኑም ከየቤታችን። ፈተና የደረሰበት ይንገረን፣ ተራውን እንሸፍናለን።

ደግሞስ ፍየልና በግ የምንለቅበት እኛው አይደለን? ይሄም ይታሰብበት። ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ጽሕፈት ቤታችን መጥቶ ይመዝገብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ