የግጭ ልጆችን ትዝታ ማን ይጻፈው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁሉ ይህን አባባል ያውቀዋል፤ ስንቶቻችን ግን ሠርተንበታል? ይህን ማንሳቴ በስለ ግጭ ነው።

እንደሚታወቀው ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ነው። ሕዝቡ ገብስ እያረሰ፣ በግና ከብት እያረባ ይኖር ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ምክንያት ከተባሉት ውስጥ የዋልያ ቁጥር መመናመን ይገኝበታል። በ2008 ዓ.ም. 418 የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ደስ የሚል ዜና ነበር፤ በዚያው ግን አለቀ።

አባወራው ተቆጠረ፣ ዋልያውም ተቆጠረ። ልጆቹስ? ደባርቅ ስላደግሁ ከግጭ ከመጡት ጋር አንድ ክፍል ተምሬአለሁ። ወሬያቸው ከእኛ የተለየ ነበር። ጭላዳ የገብሱን ማሳ እንዳይጨርሰው ሲያባርሩ መዋላቸውን፣ ጉም ሲወርድ በጎቹን በድምፅ መፈለጋቸውን፣ ጓሳ ማጨዳቸውን ያወራሉ። አንዱ «እዚህ እኮ የሚጠበቅ ነገር የለም» ያለኝ አይረሳኝም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሥራ ፈታሁ ማለቱ ነበር።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ትዝታ እንዴት እንደያዘው እንይ። በዌልስ፣ ብሌናቮን በምትባል ከተማ፣ ቢግ ፒት የተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ፤ በ1983 ግን ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ጎብኚውን ከመሬት በታች ይዘው የሚወርዱት የቀድሞ የከሰል ሠራተኞች ሆኑ። አካባቢው በ2000 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ሰው የሠራበትና የኖረበት በመሆኑ ነው። የእኛው ተራራ ደግሞ በተፈጥሮው ተመዘገበ። ሁለቱም ልክ ነው። ልዩነቱ እዚያ ሥራው ሲቆም ታሪኩ ተረፈ፤ እኛ ጋ ሰው ሲነሳ ታሪኩም አብሮት ሊሄድ ነው።

«ኧረ ተወው፤ ድህነትና ብርድ ምኑ ይናፍቃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የደጋ ኑሮ ከባድ ነው። ፓርኩም ተጠቅሟል፤ ይህንን አልክድም። እኔ ወደ ኋላ እንመለስ አላልኩም፣ ይመዝገብ ነው ያልኩት። ብርዱም ይመዝገብ፣ ከትምህርት የቀረውም ይመዝገብ፤ ደባርቅ መጥቶ የቀናውም ይናገር፣ የከፋውም ይናገር። ትዝታን ማሳመር የእኛ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ሥራ ጠይቆ በትክክል መጻፍ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለቃለ መጠይቅ ኮርስ በየዓመቱ አሳይመንት እንሠራለን፤ ብዙዎቻችን የዶርም ጓደኛችንን ጠይቀን እናስረክባለን። በዚያ ፋንታ እያንዳንዳችን ግጭ ያደገ አንድ ሰው ብንጠይቅስ? ተራራ መውጣት አያስፈልግም፤ ሰዎቹ ደባርቅ ናቸው። መቅረጫ ቢባል በየኪሳችን ያለው ሞባይል ይበቃል። ባለታሪኩ የተጻፈውን ይስማው፣ ያልፈለገውን ያስወጣ፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለዲፓርትመንቱ ላይብረሪ ይቀመጥ። መምህራንም ማርክ ይስጡበት፣ ያኔ ማንም አይቀርም!

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የወረደው ሕፃን ስለ ግጭ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ጭላዳ ሲጠብቁ የዋሉት የእኔ እኩዮች ደግሞ ለሥራ ፍለጋ በየከተማው እየተበተኑ ነው። ሲበተኑ ማን አሰባስቦ ይጠይቃቸዋል?